ገጣሚው ነጋዴ አርተር ራምቦ እና በግል ሥራ የመጽናት ፈተና

ቱሉ ዲምቱ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኝ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ በ2014 አገልግሎት መስጠት የጀመረውና ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከዚሁ አካባቢ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ሸቀጥ ጭነው ወደ መዲናዋ የሚገቡና የወጪ ንግድ ምርት ይዘው ወደ ባሕር የሚያቀኑ ከባድ ተሽከርካሪዎች በዚህ በኩል ያልፋሉ። በአካባቢው በርካታ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መገንባታቸውን ተከትሎም በሕንፃዎቹ ሥር ባሉ የንግድ ቤቶች ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ የልብስ ስፌትና የጥገና ሥራ ከፍተው ራሳቸውን በራሳቸው የሚያስተዳድሩ ዜጎችን ማየት የተለመደ ነው።

የግል ሥራ ለመጀመር ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት መጥቶ የንግድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ፈቃዱን ዓመት ጠብቆ ለማደስ የሚመለሰው ግን ሁሉም አይደለም። ለዚህ ልዩነት የካፒታል እጥረት፣ የመሥሪያ ቦታ ችግርና የገበያ መቀዛቀዝ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ ባልተናነሰ ሁኔታ የሰውየው ጠባይ የሚኖረው ድርሻም የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበ ጉዳይ ሆኗል።

ማርኮ ካሊየንዶ፣ ፍራንክ ፎሰን እና አሌክሳንደር ክሪቲኮስ የተባሉ ተመራማሪዎች በጀርመን አገር ቤተሰቦች ላይ ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃን መሠረት አድርገው እ.ኤ.አ በ2014 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ነው። በጥናቱ መሠረት ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ከሰው ጋር ቶሎ መግባባትና ስጋትን መድፈር አንድን ሰው ወደ ግል ሥራ እንዲገባ ይገፋፉታል። ከሥራው መውጣት አለመውጣቱን የሚወስኑት ግን በአብዛኛው ሌሎች ጠባዮች ናቸው። ለምሳሌ ለሌላው ፈቃድ ቶሎ የሚሸነፍና እምቢ ማለት የሚቸግረው ሰው ሥራውን የመተው ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ለመግባትም ሆነ ለመቆየት በተመሳሳይ አቅጣጫ የሚያግዘው ጠባይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሕይወቴ አቅጣጫ በእጄ ነው ብሎ ማመን ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2010 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ከመጠን በላይ ደፋር የሆኑትም ሆኑ ከመጠን በላይ ፈሪ የሆኑት ሰዎች በመካከለኛ ደረጃ ስጋትን ከሚቀበሉት ይልቅ ከግል ሥራቸው ቶሎ እንደሚወጡ አመልክተዋል።

በአንድ ሰው ታሪክ ጥናት ማረጋገጥ አይቻልም። ይሁን እንጂ ወደ ግል ሥራ በሚያስገባውና በግል ሥራ በሚያጸናው ጠባይ መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ከሚታይባቸው ሰዎች አንዱ ከ130 ዓመታት በፊት በዚህችው አገር የነገደ ሰው ነው። ዛሬ ተሽከርካሪዎች የሚያመላልሱት ሸቀጥ በግመልና በበቅሎ በሚጓጓዝበት በዚያ ዘመን ከታጁራ እስከ አንኮበርና እንጦጦ፣ ከሐረር እስከ ዘይላ የተመላለሰው ይህ ሰው ፈረንሣዊው አርተር ራምቦ ነው። ዓለም የሚያውቀው በገጣሚነቱ ነው። እሱ ግን የሕይወቱን የመጨረሻ ዓመታት ያሳለፈው በኢትዮጵያ ምድር ለራሱ የሚሠራ ነጋዴ ሆኖ ነው።

አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ ጥቅምት 20 ቀን 1854 በሰሜን ፈረንሣይ በምትገኘው ሻርልቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር ሠራዊት ሻምበል ሲሆኑ ራምቦ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡን ጥለው ሄዱ። ልጆቹን ያሳደጉት እናቱ የእርሻ መሬት የነበራቸው፣ ቆጣቢና ጥብቅ ሴት ነበሩ። ራምቦ በትምህርት ቤት በተደጋጋሚ ሽልማት ያገኘ ብሩህ ተማሪ ነበር። ሆኖም በሰው ሥር መተዳደርን የማይወድ ጠባዩ ገና በልጅነቱ ታየ። እ.ኤ.አ በ1870 የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ከቤት ኮብልሎ የባቡር ክፍያ ሳይፈጽም ፓሪስ በመግባቱ ታስሮ ነበር።

የግጥም ሥራዎቹን የጻፈው ከ15 እስከ 20 ዓመት ዕድሜው ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ይታወቃል። በ1873 አንድ መጽሐፍ በራሱ ወጪ ብራሰልስ ውስጥ አሳተመ። ለአሳታሚው ቀብድ ከመስጠት ያለፈ ቀሪውን ሒሳብ መክፈል ባለመቻሉ ከጥቂት ቅጂዎች በስተቀር መጽሐፉ በማተሚያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ተከማችቶ ቀረ። ክምችቱ የተገኘው ደራሲው ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1901 ነው። በራሱ ገንዘብ የጀመረው የመጀመሪያ ሥራ በዚህ ሁኔታ አበቃ። ብዙም ሳይቆይ ግጥም መጻፍ አቆመ።

በቀጣዮቹ ዓመታት አንድ ሥራ ላይ መርጋት ያቃተው ሰው ነበር። በ1876 ለኔዘርላንድስ የቅኝ ግዛት ጦር ተመልምሎ ጃቫ ደሴት ከደረሰ በኋላ ከድቶ ወጣ። ቆጵሮስ ደሴት ውስጥ በድንጋይ ካባ ሥራ ተቆጣጣሪነት፣ ቀጥሎም በሕንፃ ግንባታ ላይ ሠራ። በወቅቱ የሚያውቁት ሰዎች አንድ ቦታ ተረጋግቶ ለዓመታት ይነግዳል ብለው የሚገምቱት ዓይነት ሰው አልነበረም። ለአዲስ ነገር የነበረው ጉጉትና ድፍረቱ ከአገር አገር የሚያዞሩት እንጂ የሚያጸኑት አልሆኑም።

በነሐሴ 1880 ኤደን ደረሰ። በዚያም አልፍሬድ ባርዴ በተባለ ፈረንሣዊ ነጋዴ የሚመራ የቡና ንግድ ድርጅት ቀጠረው። የመጀመሪያ ሥራው ቡና የሚለቅሙ ሠራተኞችን መቆጣጠር ነበር። ድርጅቱ ሐረር ላይ ቅርንጫፍ ለመክፈት በመወሰኑ ራምቦ ከዘይላ ተነስቶ ሃያ ቀን ያህል በረሃ በማቋረጥ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐረር ገባ። ከተማዋ ከ1875 ጀምሮ በግብፅ ጦር ሥር ነበረች።

ደመወዝተኛ ሆኖ የሠራባቸው አምስት ዓመታት በኋላ ለብቻው ሲቆም የጠቀሙትን ዕውቀቶች ያካበተባቸው ናቸው። የቡናን፣ የቆዳን፣ የሙጫንና የዝሆን ጥርስን ዋጋና ጥራት ለየ። አረብኛን አሳምሮ አወቀ፤ አማርኛና ኦሮምኛ መነጋገርም ቻለ። ከቤተሰቡ የሚያዝዛቸው መጻሕፍት የብረታ ብረት፣ የአናጢነት፣ የውኃ ሥራና መሰል የሙያ መመሪያዎች ነበሩ። የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶም በ1883 ሐረር ውስጥ ፎቶግራፍ አነሳ። ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀው ዘገባ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታትሟል።

በዚሁ ጊዜ ለቤተሰቡ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ምሬት የበዛባቸው ነበሩ። ሙቀቱ፣ ብቸኝነቱ፣ የደመወዙ ማነስና የአለቆቹ ሁኔታ ሁሉ ያማርሩታል። ወደ ዛንዚባር፣ ወደ ፓናማ ወይም ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ማሰቡን ደጋግሞ ይገልጻል። ያጠራቀመውን ገንዘብ ወደ አገሩ ሲልክ እናቱ መሬት ገዙበት። ይህ ግን አላስደሰተውም፤ እሱ የፈለገው ገንዘቡ በእጁ ሆኖ እንዲሠራበት ነበር። እሄዳለሁ እያለ ግን አልሄደም። በአንደበቱ የሚማረርበትን ሥራ በተግባር እያጠበቀ የሄደ ሰው መሆኑ ከታሪኩ በግልጽ ይታያል።

በጥቅምት 1885 ከባርዴ ድርጅት ጋር የነበረውን ውል አቋርጦ ወጣ። ፒየር ላባቱ የተባለና ሸዋ ውስጥ የኖረ ፈረንሣዊ ነጋዴ ለንጉሥ ምኒልክ የጦር መሣሪያ ለማቅረብ ተዋውሎ ስለነበር ራምቦ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የሥራው ተካፋይ ሆነ። ጭነቱ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃዎችና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥይት የያዘ ነበር። ለዓመታት የተጠራቀመ ጥሪትን በሙሉ በአንድ ጉዞ ላይ ማዋል ትልቅ ድፍረት የሚጠይቅ ውሳኔ ነበር። ወደ ግል ሥራ ያስገባውም ይኸው ድፍረት ነው።

ሥራው ከመነሻው በመዘግየት ተመታ። ራምቦ በ1885 መጨረሻ ታጁራ ደርሶ ጭነቱን ይዞ ለመንቀሳቀስ የቻለው በጥቅምት 1886 ነው። ግመሎችን ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሣይ የጦር መሣሪያ ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ በመስማማታቸውም ፈቃድ ለማግኘት ደብዳቤ ሲጻጻፍ ወራት አለፉ። በዚህ መካከል ሸሪኩ ላባቱ በካንሰር ታሞ ወደ ፈረንሣይ ከተመለሰ በኋላ ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የታሰበው ልምድ ያለው ተጓዥ ፖል ሶሌየም በመስከረም 1886 ኤደን ላይ በድንገት አረፈ። ራምቦ ገንዘቡን ለማስመለስ ያለው አማራጭ ቅፍለቱን ብቻውን እየመራ መሄድ ነበር።

የአፋርን በረሃ አቋርጦ ከአራት ወራት ጉዞ በኋላ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ንጉሥ ምኒልክ በዚያ አልነበሩም። በጥር ወር በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው ሐረርን በመያዝ ወደ እንጦጦ በመመለስ ላይ ነበሩ። ንጉሡ ከሐረር የማረኩት መሣሪያ ስለነበራቸው ራምቦ የያዘው ጠመንጃ ቀድሞ የታሰበለትን ዋጋ አላገኘም። ላባቱ ከንጉሡ የወሰደው ብድር ከሒሳቡ ላይ ተቀነሰ። የተረፈውም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ሐረር ላይ በደጃዝማች መኮንን በኩል እንዲከፈል በትእዛዝ ደብዳቤ ተሰጠው።

ከዚህ በኋላ የገጠመው ነገር በጠባዩ ውስጥ የነበረውን ሌላ ገጽ ያሳያል። የላባቱ አበዳሪዎች በየአቅጣጫው መጡ። መብታቸውን የሚጠይቁት የሟች ባለቤትም ከሰሱት። ራምቦ የአንዳንዶቹን ጥያቄ እውነተኛ ሆኖ ሲያገኘው፣ የሌሎቹን ደግሞ ችግራቸውን አይቶ ከኪሱ ከፈለ። ወሬው ሲሰማም ጠያቂው በዛ። በንዴት የላባቱን የማስታወሻ ደብተሮች ካቃጠለ በኋላ በመካከላቸው የንብረት ሰነዶች እንደነበሩ ተረዳ። ርኅራኄውም ሆነ ችኩልነቱ ዋጋ አስከፈሉት።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሥራውን እንጦጦ ላይ አጠናቆ በግንቦት መጀመሪያ 1887 ጁል ቦሬሊ ከተባለ አሳሽ ጋር ወደ ሐረር አቀና። ቦሬሊ በጉዞ ማስታወሻው ስለ ራምቦ ድካም አለማወቅና የአገሩን ቋንቋዎች ስለመቻሉ መስክሯል። ሐረር ላይም የሚከፈለው ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። ምጽዋ ላይ የሚመነዘር ሰነድ ተሰጥቶት ወደዚያ ሲሄድ መታወቂያ ወረቀት ባለመያዙ ተይዞ ማንነቱ እስኪጣራ ቆየ። በመጨረሻም ካይሮ ደርሶ ከ16 ሺህ ፍራንክ ያላነሰ ገንዘብ ባንክ አስገባ። ራሱ ኤደን ለነበረው የፈረንሣይ ምክትል ቆንስል ባቀረበው መግለጫ መሠረት ለ21 ወራት ከደከመ በኋላ ከካፒታሉ 60 በመቶ ከስሯል።

በዚህ ጊዜ ራምቦ የ32 ዓመት ሰው ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ወገቡንና ጉልበቱን ያመዋል። ወደ ደመወዝ ሥራ መመለስ የሚያስችል ዕውቀትና ስም ነበረው። ብዙ ሰው በግል ሥራ የሚያቆመው እንዲህ ያለው ኪሳራ ላይ ሲደርስ ነው። እሱ ግን አልተመለሰም። በነሐሴ 1887 ካይሮ ውስጥ በሚታተም የፈረንሣይኛ ጋዜጣ ላይ የሸዋ ጉዞውን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የመንገዱን ሁኔታ፣ የንግዱን አዋጭነትና የወደቦቹን ጥቅም የሚተነትን እንጂ የቅሬታ ጽሑፍ አልነበረም። ከሐረር ወደ ባሕር የሚወስደው መስመር ለሸዋ ንግድ ያለውን ብልጫ ቀድመው ከተገነዘቡት ነጋዴዎች አንዱ መሆኑን ያስመሰክራል። ከዓመታት በኋላ የባቡር መስመሩ ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲዘረጋ የንግዱ ዋና መንገድ በዚሁ አቅጣጫ ጸንቷል።

ራምቦ ከኪሳራው ያገኘው ትምህርት ወዲያውኑ የተዋሐደው አልነበረም። በ1888 መጀመሪያ ላይ እንደገና ወደ ጦር መሣሪያ ንግድ ሊገባ አስቦ ለፈረንሣይ መንግሥት ማመልከቻ አቀረበ። ፈቃዱ ተሰጥቶ ብዙም ሳይቆይ ታገደ። ከዚህ በኋላ የንግዱን ዓይነት ለወጠ። በግንቦት 1888 ሐረር ላይ የራሱን ንግድ ቤት ከፈተ። ኤደን ከሚገኘው ሴዛር ቲያን ከተባለ ነጋዴ ጋር በሽርክና እየሠራ በራሱ ስምም ይነግድ ነበር። ሸዋ ውስጥ ደግሞ የዳግማዊ አጼ ምኒልክ አማካሪ ከነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ጋር ሸቀጥ ይለዋወጥ ጀመር።

አዲሱ ንግድ እንደ ቀድሞው ሁሉንም ጥሪት በአንድ ጊዜ የሚያስይዝ አልነበረም። ቡና፣ ቆዳ፣ ሙጫ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በትንሽ በትንሹ ገዝቶ ወደ ኤደን ይልካል። ከኤደን አቡጀዲ፣ ሐር፣ ብረት ድስትና ልዩ ልዩ ዕቃ ያስመጣል። አንዱ ቢከስር ሌላው ያካክሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ትርፉ ትንሽ ቢሆንም የማይቋረጥ ነበር። በአንድ ጉዞ ለመበልጸግ የተነሳው ሰው ስጋቱን መጥኖ መሥራትን የለመደው በዚህ ጊዜ ነው።

ስሕተት አልፈጸመም ማለት አይደለም። ለኢልግ ከላካቸው ሸቀጦች መካከል ገዢ ያጡ ብረት ድስቶች፣ መጻፊያ ደብተሮችና መቁጠሪያዎች ይገኙበታል። ኢልግ የአገሩን ሰው ፍላጎት ያላገናዘበ ዕቃ መላኩን በቀልድ እያዋዛ ቢነቅፈውም ራምቦ ዕቃው በተገኘው ዋጋ እንዲሸጥ እየወተወተ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ይከታተል ነበር። በሁለቱ መካከል የተደረገው የደብዳቤ ልውውጥ በብርና በሩብ የሚቆጠር ሒሳብ፣ የዘገየ ቅፍለት፣ የታመመ ግመልና የምንዛሪ ለውጥ የሞላበት ነው። የግጥም ሰው የነበረው ራምቦ በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ፈጽሞ አይታይም።

የዘመኑ ነጋዴ የሚጋፈጠው ችግር ቀላል አልነበረም። ከ1888 እስከ 1892 ከብቱን የጨረሰው በሽታና ክፉ ቀን በመባል የሚታወቀው ረሃብ አገሪቱን አጠቃ። የዘይላ መንገድ በጸጥታ መጓደል ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። የሐረር አስተዳደር ከነጋዴዎች በግዴታ ብድር ይወስድ ስለነበር የራምቦ ገንዘብም ተይዞበታል። እሱም በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ ሲከራከር፣ ሲጽፍና ሲመላለስ ይታይ ነበር። ከራስ መኮንን ጋር ግን መልካም ግንኙነት ነበረው። በመከራከሩ ምክንያት መከባበራቸው አልተቋረጠም።

በእንጦጦ የላባቱን አበዳሪዎች እምቢ ማለት ያቃተው ሰው ሐረር ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። አሽሟጣጭ፣ ቁጡና ለድርድር የማይመች ነበር። ሆኖም ባርዴ በማስታወሻው እንዳሰፈረው በስውር ለችግረኞች የሚለግስ ሰው ነበር። በሒሳብ ታማኝ ነው የሚል ስምም አትርፏል። በንግድ ጉዳይ ጠንካራ መሆንንና ከንግድ ውጭ መራራትን ለይቶ መያዝ ችሏል ማለት ነው። አኗኗሩም በቁጠባ ላይ የተመሠረተ ነበር። መጠጥ የራቀ፣ በቀላል ምግብና ልብስ የሚኖር፣ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚጓዝ ሰው እንደነበር ይነገራል።

ታሪኩ እንከን የሌለበት እንዳልሆነም መታወቅ ይኖርበታል። ንግዱን የጀመረበት ሸቀጥ የጦር መሣሪያ ነበር። በ1889 መጨረሻ ለኢልግ በጻፈው ደብዳቤ ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲላኩለት ጠይቆ የነበረ ሲሆን ኢልግ ጥያቄውን ሳይቀበለው ቀርቷል። የባሪያ ነጋዴ ነበር የሚለው ወሬ ግን በማስረጃ አልተረጋገጠም።

ሥራውን ያስቆመው ኪሳራም ሆነ መሰላቸት ሳይሆን ሕመም ነው። በየካቲት 1891 ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። መራመድ ሲያቅተው አልጋውን ሚዛኑና ግቢው ከሚታይበት ቦታ አስደርጎ ተኝቶ የሚመዘነውን ቡናና ቆዳ ይቆጣጠር፣ ክፍያም ይፈጽም ነበር። ሕመሙ ሲጸናበት ዕቃውን በችኮላ ሸጦ ሒሳቡን ዘጋ። ሚያዝያ 7 ቀን 1891 በቃሬዛ ላይ ሆኖ 16 ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ ተሸክመውት ከሐረር ወጣ። 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የዘይላን መንገድ በዝናብና በፀሐይ ተጉዞ ወደ ኤደን ተሻገረ። በዚያም ታሞ እንዳለ ከቲያን ጋር ሒሳቡን ተሳስቦ 37 ሺህ 450 ፍራንክ የሚመነዘር ሰነድ ተቀበለ። የ11 ዓመት ልፋቱ ውጤት በአብዛኛው ይኸው ነበር።

ግንቦት 20 ማርሴይ የደረሰው ራምቦ ከሳምንት በኋላ እግሩ ተቆረጠ። ወደ እናቱ እርሻ ሄዶ ጥቂት ቢቆይም ሕመሙ ስላልተወው በነሐሴ ወር እህቱ ኢዛቤል እየረዳችው ወደ ማርሴይ ሆስፒታል ተመለሰ። ሐሳቡ ሁልጊዜ ሐረር ነበር። ለረጅም ጊዜ በታማኝነት ላገለገለው ጃሚ ለተባለ የሐረር ወጣት 3 ሺህ ፍራንክ እንዲሰጠው ተናዘዘ። ኅዳር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ አረፈ።

ከመሞቱ ከአንድ ቀን በፊት ለእህቱ እየነገረ ያስጻፈው የመጨረሻው ደብዳቤ ለመርከብ ድርጅት ኃላፊ የተላከ ነበር። በትኩሳት በተዘበራረቀ አእምሮው የዝሆን ጥርስ ጭነቶችን ይቆጥራል፤ ወደ መርከቡ የሚሸከሙት በስንት ሰዓት እንደሆነም ይጠይቃል። በፈረንሣይ ግጥሞቹ መነበብ የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። ከሥራዎቹ አንዱ በ1886 በፓሪስ መጽሔት ላይ ሲወጣ እሱ ታጁራ ላይ ግመል ይጠባበቅ ስለነበር ጉዳዩን አያውቅም ነበር። በሐረር ጀጎል ውስጥ በስሙ የሚጠራውና ዛሬ በሙዚየምነት የሚያገለግለው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤትም ከእሱ ሞት በኋላ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ራምቦ እንዲህ ያለ ቤት የሚሠራበት ትርፍ አላገኘም።

ከዚህ ሕይወት የሚወሰደው ቁም ነገር ራምቦ ሀብታም ሆነ ወይም አልሆነም የሚለው አይደለም። በ1885 ወደ ግል ሥራ ያስገባው ድፍረትና ለአዲስ ነገር የነበረው ጉጉት ለብቻቸው ያተረፉለት 60 በመቶ ኪሳራ ነው። ከ1888 በኋላ በሥራው ያቆየው ስጋትን መመጠን፣ ያለ ልክ እሺ አለማለት፣ ሒሳብን በየዕለቱ መያዝና ከኪሳራ በኋላ ነገሩን በገዛ እጁ እንደሚያስተካክለው ማመኑ ነው። እነዚህ ደግሞ አብረውት የተወለዱ ሳይሆኑ በአምስት ዓመት ቅጥርና በ21 ወራት መከራ የተማራቸው ናቸው።

በሌላ በኩል ጠባይ ብቻውን ሁሉን እንደማይወስን የታጁራው ቆይታ ያስረዳል። በፈቃድ ጥበቃና በግመል እጦት የባከኑት ወራት፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የተላከው የክፍያ ትእዛዝና በግዴታ የተወሰደው ብድር በየትኛውም ትጉህ ነጋዴ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነበሩ። ለግል ሥራ ፈቃድ የሚሰጥ፣ የሚያሠለጥንና ብድር የሚያመቻች መሥሪያ ቤት ሥራውን የሚለካው በዓመቱ ውስጥ በመዘገባቸው አዳዲስ ሰዎች ቁጥር ብቻ ከሆነ የሚያየው ግማሹን ነው። ቀሪው ግማሽ የሚታየው ከመጀመሪያው ኪሳራ በኋላ ነጋዴው ምን እንዳደረገና መሥሪያ ቤቱም በዚያን ጊዜ መንገዱን ከፍቶለት እንደሆነ ሲጠየቅ ነው።